ከዙሁር እስከ ዐስር ያለው አንድ ሰዓት

ባለፈው ታኅሣሥ ቡታጅራ ከሚኒባስ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ሽታ ነው። ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ አንድ ጎልማሳ አስፋልቱ ዳር ሸራ ዘርግቶ በርበሬ አስጥቷል። የቀትር ጸሐይ ያገኘው በርበሬ መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ የጋለ አፈርና የማር ሽታ አለው፤ ማንነቱን የሚናገረው ወደ ጉሮሮ ሲወርድ ነው። አነጠስኩና «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ጎልማሳው ቀና ሳይል «የርሐሙከላህ አባባ፤ የበርበሬው ዓመል ነው» አለኝ። ዓመሉን እሱ ሳይወለድ እንደማውቀው ልነግረው ፈልጌ ነበር። ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ሸራው ላይ ያለው ቀይ ሁሉ እየተንሳፈፈ ስለነበር እንባዬን እየጠረግኩ ቆምኩ።

አንባቢ ከማን ጋር እንደሚያወራ ይወቅ። እኔ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተማሪ ሆኜ የተቀመጥኩት ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ይሁንና ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ ባለው አገር እንደ እኔ በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚጽፍ፣ የጀመረውን ባሰበው ጊዜ የሚጨርስ ሰው አለ ከተባለ ይምጣና ጎን ለጎን ያስቀምጡን። ዲግሪ የያዙ ልጆች ጽሑፋቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ «ጊዜ አጣሁ» ይሉኛል። እኔ ጊዜ አጥቼ አላውቅም። ጊዜን እንዴት እንደያዝኩት ልንገራችሁ፤ በአንድ የበርበሬ ወቅት ነው የያዝኩት፣ መስቃን ውስጥ፣ ዶሮ እያባረርኩ።

አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴና እኔ የምንኖረው በእናቴ አባት ቤት ነበር። አያቴ ሼህ ሙዘይን ይባላሉ፤ የመንደሩን ትንሽ መስጊድ አዛን የሚያደርጉት እሳቸው ነበሩ። መስጊዱ ከጓሯችን እንሰት ጀርባ ነበር። በዚያ ዘመን ድምፅ ማጉያ የለም። የአያቴ ድምፅ እንሰቱን ሰንጥቆ ሲመጣ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች በተራ በተራ የሚቀባበሉት ይመስለኝ ነበር። ጸሐይም የምትንቀሳቀሰው እሳቸው ስለሚጠሯት ነው ብዬ አምን ነበር። አያቴ አንድ ቀን ቢታመሙ ቀትር ላይ ቆማ እንደምትቀር አልጠራጠርም።

የእኔ ሥራ የተሰጣ በርበሬ መጠበቅ ነበር። ጠዋት እናቴ ደጁ ላይ ጅባ አንጥፋ በርበሬውን ትበትነዋለች፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ እሷ ወደ ማሳ ስትሄድ እኔ በጭራሮ ታጥቄ እቀመጣለሁ። ዶሮ አለ፣ የጎረቤት ፍየል አለ፣ ከዘቢዳር ተራራ ሳይታሰብ የሚወርድ ንፋስ አለ። አለበለዚያ ግን ዓለሙ ሁሉ ጸጥ ይላል። በርበሬው በሙቀቱ ቋ ቋ ይላል፤ ውስጡ ያለው ፍሬ የሚያወራ ይመስል ነበር። ዘቢዳር አናት ላይ ደመና ይተኛል። ብዙ ጊዜ ከማየቴ የተነሳ ቀዩ ነገር ወደ ዓይኔ ውስጥ ይገባና፣ ዓይኔን ስጨፍንም በርበሬው እዚያው ተሰጥቶ አገኘዋለሁ።

ፊደል ማንም አላስተማረኝም። የጎረቤታችን ልጅ የፊደል ገበታ ነበረው፤ እሱ በዜማ ሲጮህ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ቅርጹን እለቅም ነበር። ከዚያ ከገበያ ስኳርና ሳሙና ተጠቅልሎ የሚመጣበትን የጋዜጣ ቁራጭ ሁሉ አንብቤ ጨረስኩ። ዐረፍተ ነገሩ መሃል ላይ የተቀደደ ስለሚሆን ቀሪውን ከራሴ እሞላው ነበር። የሞላሁት ከዋናው ይሻል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ።

አንድ ቀን በርበሬ ሊገዙ መምህር አድማሱ መጡ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቡታጅራ ከተማ ያስተምሩ ነበር። ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። አንድ በርበሬ አንስተው በጆሯቸው አጠገብ ወዘወዙ፣ ሰበሩ፣ አሸተቱ። ከዚያ ዓይናቸው መሬት ላይ ዋለ። በጭራሮዬ አፈሩ ላይ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ማንም ጎበዝ መምህር ነው» አሉ። «ደመወዝ ዘገየብኝ አይልም።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ ቃል በጫማቸው ጫፍ አጠፉና «ይህን ደግመህ ጻፈው፤ እጅህ ቸኩሏል» አሉኝ። ጻፍኩት። እናቴ በርበሬውን ስትሰፍርላቸው ለእሷም ለእኔም እንዲህ አሉ፤ ከአረፋ በኋላ፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲከፈት፣ አራተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ለዚያች ቦታ ድርሰት ያጽፋሉ፤ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። «እስከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት ጻፍ። በየቀኑ ነው ያልኩህ። ዛሬ ብዙ ጽፎ ነገ የሚተኛ ልጅ አልፈልግም።» በሌላ ጊዜ ሲመጡም ጀርባው ባዶ የሆነ የፈተና ወረቀት በጥቅል አመጡልኝ፤ አንድ እስክሪብቶም ጨመሩበት።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ በድሩ፣ መርካቶ ሱቅ ነበረው። በዚያ ዓመት አረፋ በበርበሬ ወቅት ነው የዋለው። አጎቴ ለበዓሉ ሲመጣ እኔን ይዞ ሊመለስ ከእናቴ ጋር ተነጋግሯል። እናቴም ፍርዷን ሰጠች፤ «ትምህርት ቤቱ ከተቀበለህ ትቀራለህ። ካልተቀበለህ ከአጎትህ ጋር ትሄዳለህ።» ሱቅ የገባ ልጅ ቁጥር እንጂ ፊደል አይጽፍም ይባል ነበር። ከእኛ መንደር የሄዱት ልጆች ለአረፋ ሲመጡ አዲስ ጫማ ያደርጋሉ፤ አንዳቸውም ግን የጋዜጣ ቁራጭ ሲያነሱ አላየሁም። እኔ ጫማውን ባልጠላም የፈራሁት ይህን ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ቤታችን ውስጥ ሰዓት አልነበረም። አያቴ ደጁ ላይ ተቀምጠው የቃጫ ገመድ ሲገምዱ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ አንድ ሰዓት ምን ያህል ነው?»

ገመዱን በእግራቸው ጣት እንደያዙ አሰቡ። «ከአዛን እስከ አዛን ነው።»

«ከየትኛው እስከ የትኛው?»

«አንተ በርበሬ የምትጠብቀው መቼ ነው?»

«ከዙሁር እስከ ዐስር።»

«እንግዲያው ያ ነው» አሉና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። ዙሁር ጸሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነው። ዐስር ደግሞ የአንድ ነገር ጥላ የራሱን ቁመት ሲያክል። በመካከሉ ያለውን ዛሬ በእጅ ሰዓት ብትለኩት ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። እኔ ግን ይህ ነው አንድ ሰዓት የሚባለው ብዬ ተቀበልኩት፤ አያቴ ተሳስተው አያውቁምና።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች አሳዛኝ ነበሩ። የአያቴ የዙሁር አዛን ሲያበቃ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሦስት መስመር እንደ ጥይት እተኩሳለሁ። ከዚያ ምንም የለም። ጉንዳን አንድ የበርበሬ ፍሬ ይዞ ሲሄድ አያለሁ፤ የት እንደሚደርስ ሳልከተለው አልቀርም። እመለሳለሁ፤ አራተኛው መስመር ላይ ፊደሎቹን ማስጌጥ እጀምራለሁ፣ ለእያንዳንዱ እግርና ቆብ እጨምርለታለሁ። ሙቀቱ ይጫነኛል። በርበሬው ያወራል፤ እኔም መልስ የሰጠሁት ይመስለኛል። ስነቃ ዶሮዋ ጅባው መሃል ቆማ ታየኛለች፤ ወዲያው ከእንሰቱ ጀርባ ዐስር ይጠራል። ወረቀቴ ላይ ያለው ያው ነው።

ሄጄ አያቴን ለመንኳቸው።

«አባባ፣ ነገ ዐስርን ትንሽ ያቆዩልኝ።»

«ለምን?»

«ሳልጨርስ እየደረሰብኝ ነው።»

አልሳቁብኝም። ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ የጸሐይ አሽከር ነኝ። አቤቱታ ካለህ ከእኔ በላይ ነው የምታመለክተው።» ጸሐይን እሳቸው እንደማያዟት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለጥቂት ጊዜ ዓለም ባለቤት የሌላት ሆና ታየችኝ።

በማግስቱ ከዙሁር ሲመለሱ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ደጁ ላይ ተከሉ፤ በስተምሥራቅ በኩል ሁለት ድንጋይ አራርቀው አስቀመጡ። «ጥላው የመጀመሪያውን ድንጋይ እስኪነካ አስብ። እጅህን አታንቀሳቅስ። ከዚያ ሁለተኛውን እስኪነካ ጻፍ። አታጊጥ፣ ወደ ኋላ አትይ። ከዚያ እስከ አዛን ያለው ደግሞ የጻፍከውን የምታነብበትና የተጣመመውን የምታቃናበት ነው።»

«ሳላንቀሳቅስ ዝም ብዬ?»

«እኔ አዛን ሳደርግ ዘው ብዬ እጮሃለሁ እንዴ? መጀመሪያ ትንፋሽ እሰበስባለሁ። ከዚያ እጣራለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ መድረሱን አዳምጣለሁ። ሰዉ የሚሰማው መሃሉን ብቻ ነው።»

እጄን ማሰር ከሁሉ የከበደኝ ነበር። እስክሪብቶውን ጭኔ ሥር አስቀምጬ እቀመጥበታለሁ። ጥላው ግን አይቸኩልም። እንደ ድመት ነው፤ ስታዩት አይንቀሳቀስም፣ ዞር ስትሉ ቦታውን ቀይሯል። ውሎ አድሮ በዚያ ዝምታ ውስጥ ዐረፍተ ነገሮች መምጣት ጀመሩ፤ ከዘቢዳር እንደሚወርድ ጉም ቀስ ብለው፣ አንዱ ሌላውን እየመራ። እጄ ሲፈታ ታስበው አልቀው፣ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። የእናቴን የማሳ ጉዞ ጻፍኩ። ዶሮዋን ጻፍኩ፣ ንዴቷን ጭምር። ጸሐይ በማይወጣበት ቀን ጥላ አልነበረም፤ ያኔ ድንጋዮቹን ሆዴ ውስጥ አገኘኋቸው። የዙሁር አዛን ሲሰማ ቀኝ እጄ ራሱ ይበላኝ ጀመር። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ትኩሳት የያዘኝ ቀን እንኳ ጅባው ጫፍ ላይ ተጠቅልዬ ጽፌአለሁ። እስቲ ከዘንድሮ ተማሪ ይህን የሚያደርግ አሳዩኝ።

አረፋ ደረሰና አጎቴ በድሩ መጣ። ኮት ለብሶ፣ እጁ ላይ የሚያብለጨልጭ ሰዓት አስሮ።

«ባለሱቁ፣ አሁንም ዶሮ ታባርራለህ?» አለኝ። «እኔ ጋ ዶሮ የለም። ደንበኛ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ አያባርሩም።»

«ትምህርት ቤት ከገባሁ አልመጣም» አልኩት።

«ኢንሻአላህ ትገባለህ» አለ ሳቅ እያለ። «ባትገባም አይከፋም።»

ሰዓቱን ጆሮዬ ላይ ለጠፈልኝ። ቲክ ቲክ ይላል። ውስጡ አንድ ትንሽ ነፍሳት ታስሮ፣ ጮክ ብሎ እንዳይጮህ ተሸማቅቆ የሚያንሾካሹክ መሰለኝ። አንድ ሰዓት በውስጡ መቼ እንደሚሞላ አልጠየቅኩም። ስለ ሰዓት የሚያስፈልገኝን ሁሉ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

የፈተናው ቀን ያች የተቀመጥኩባት አንድ ቀን ናት። ክፍሉ ለእኔ ከመስጊዱ ይሰፋ ነበር። ለአንዷ ቦታ የመጣነው ጥቂት ልጆች ነን፤ ከመካከላችን የአንድ ፖሊስ ልጅ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ ከፊት ተቀምጧል። የከተማው መስጊድ ዙሁርን ሲያበቃ መምህር አድማሱ ሰሌዳው ላይ «የማውቀው ሥራ» ብለው ጻፉና «አንድ ሰዓት አላችሁ፤ ጀምሩ» አሉ። ሌሎቹ እንደ ዝናብ ወረዱበት። እኔ ስሜን ጻፍኩ፣ እስክሪብቶውን ጭኔ ሥር አደረግኩ፣ እጄን አጣጠፍኩ።

እንጨትም ድንጋይም አልነበረም፤ ግን ሆዴ ያውቃል። በመስኮቱ የሰማይ ቁራጭ ይታያል። በርበሬው ተሰጣልኝ። ከእናቴ እጅ እንዴት እንደሚበተን፣ መጀመሪያ እንደ ጨርቅ ለስልሶ በኋላ እንደ ወረቀት እንደሚንኮሻኮሽ፣ ሁሉም ተራ ያዘልኝ። መምህር አድማሱ አጠገቤ ቆሙ።

«ጻፍ እንጂ።»

«ገና ነው መምህር።»

ሁለተኛ ሲመጡ ወረቀቴን አይተው አለፉ፤ የገባቸው መሰለኝ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ልክ የመጀመሪያው ድንጋይ ተነካ ብዬ እስክሪብቶውን ሳወጣ ከውጭ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተደወለ።

«እስክሪብቶ አስቀምጡ» አሉ መምህር። «ሰዓቱ አልቋል።»

«አላለቀም» አልኩ።

«ምን?»

«ዐስር አልተጠራም መምህር።»

ልጆቹ ሳቁ። የፖሊሱ ልጅ ዞሮ አየኝ። መምህር ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ፤ ስሜ ብቻ ነበረበት። ብዙ ጊዜ ስሜን ሲያነቡ ቆዩ። ልጆቹ ሲወጡ መልሰው ፊቴ አስቀመጡት። «ጻፈው። አይቆጠርልህም፤ ግን ጻፈው» አሉኝ።

ለምን እንደማይቆጠር አልገባኝም። ክፉ ነገር እንደሆነ ብቻ ከድምፃቸው ለየሁ። ጻፍኩ። እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ የሌሎቹን ያርማሉ፤ የሁለታችን እስክሪብቶ ብቻ ይሰማል። ጨርሼ አነበብኩ፣ የተጣመመውን አቀናሁ፤ የመጨረሻውን ነጥብ ሳደርግ ዐስር ተጠራ። ተነስቼ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡ፤ ከዚያ ተቀምጠው እንደገና አነበቡ።

«በቀን ምን ያህል ትጽፍ ነበር?»

«አንድ ሰዓት፣ እንዳዘዙኝ።»

«ከመቼ እስከ መቼ?»

«ከዙሁር እስከ ዐስር።»

መስኮቱን ተመለከቱ። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ያኔ የእጃቸውን ሰዓት አውልቀው አንድ ሰዓት የትኛዋ እንደሆነች አሳዩኝ። ትልቁ ዘንግ አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመጣ አለቀ። እንዲህ ያለች ጠባብ ነገር ውስጥ ሰው እንዴት አስቦም ጽፎም እንደሚወጣ አልታየኝም። የከተማ ሰዓት ያነሰው ሰዉ ስለበዛ ለሁሉም እንዲዳረስ ተቆራርጦ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እናቴ የሰጠችው ፍርድ ትዝ አለኝና ማልቀስ ጀመርኩ።

መምህር አብረውኝ ቤት ድረስ መጡ። አያቴ ምንጣፋቸው ላይ ነበሩ፣ አጎቴ አጠገባቸው፣ እናቴ በሩ ጋ። መምህር ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። ቸርኬው ሲመታ ወረቀቱ ባዶ ነበር፤ ቦታውን የፖሊሱ ልጅ አግኝቷል፤ ሕጉን ሊያጥፉት አይችሉም።

«እንግዲህ ነገ አብሮኝ ይሄዳል» አለ አጎቴ። «ከሱቅ የሚበልጥ ትምህርት ቤት የለም፤ እኔን እዩኝ።»

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አሉ መምህር። «በቀን አንድ ሰዓት ይጻፍ። ሌላውን ሰዓት ያሠሩት።»

አጎቴ ለጋስ ሰው ነበር፤ ሰው ፊት ደግሞ ይበልጥ ይለግሳል። «አንድ ሰዓት ምን አላት? ሻይ ጠጥቼ የምጨርሳት ናት። ወላሂ በቀን አንድ ሰዓት የእሱ ናት፤ ደንበኛ ቢሰለፍ አልነካበትም።»

አያቴ ከምንጣፋቸው ቀና አሉ። «በድሩ፣ የማልከው የት ነው?»

«እዚሁ አባ፣ ፊትዎ።»

«እዚህ ቤት አንድ ሰዓት ከዙሁር እስከ ዐስር ነው።»

አጎቴ ሳቀ። ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ እጁን ዘረጋ። «አባ፣ ሰዓትማ ይኸው። ስድሳ ደቂቃ ነው። ፋብሪካ የሠራው ነው።»

«አንተ ከመስቃን በርበሬ ስትገዛ የምትሰፍረው በማን ቁና ነው?»

«በሻጩ ነዋ። በገበያው።»

«መርካቶ ወስደህ በጣሳ ብትሸጠው ገበሬው ያገባዋል?»

«አያገባውም።»

«ቃልህንም የሰጠኸው በዚህ ገበያ ነው» አሉ አያቴ። «በዚህ ቁና ስፈር።»

አጎቴ ወደ መምህር ዞረ፤ መምህር ጫማቸውን ይመለከቱ ነበር። ወደ እናቴ ዞረ፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። «ሦስት ሰዓት እኮ የሱቅ ቀን ሲሶ ነው» አለ ቀስ ብሎ።  በእኛ አገር ነጋዴ ሸቀጡ ቢቃጠል ይነግዳል፤ ቃሉ ከተቃጠለ ግን ተመልሶ ገበያ አይገባም።

በማግስቱ በበርበሬ ጆንያ በተጫነ መኪና ላይ ወጣን። መንገዱ ጠጠር ነው፤ አቧራው ከኋላችን እንደ ቀይ መጋረጃ ይዘጋል። ዘቢዳር እያነሰ ሄደ። ጥያ ስንደርስ ሾፌሩ ለዙሁር ቆመ። ከጭነቱ ላይ ሆኜ ራቅ ብለው የተተከሉትን ረጃጅም ድንጋዮች አየሁ፤ እንደኔ ያለ፣ ግን በጣም ግዙፍ የሆነ ተማሪ ያቆማቸው መሰለኝ፤ የእሱ አንድ ሰዓት ስንት ዓመት ይሆን ብዬ ተገረምኩ። ወርደን ሰገድን፤ ተመልሰን ወጣን።

ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶውን ጭኔ ሥር አደረግኩ። አጎቴ በዓይኑ ጥግ አየኝ፤ ከዚያ የእጁን ሰዓት አየ። መኪናው ይወዛወዛል። ጆንያዎቹ ጸሐይ አግኝተው ያንን ጣፋጭ ሽታ መልቀቅ ጀምረዋል። የማላውቀው አገር፣ የማላውቃቸው ባህር ዛፎች፣ በየደጁ የቆሙ ሰዎች ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ሁሉም በየተራ እየገባ ተቀመጠልኝ።

አጎቴ ብዙ ታገሠ። በመጨረሻ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ይኸው በፋብሪካው አንድ ሰዓት ሞላ። እስቲ ምን ጻፍክ?»

ወረቀቱን አሳየሁት። ነጭ ነበር።

«ምንም?»

«ገና እያሰብኩ ነው።»

አጎቴ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ መስቃን አቅጣጫ አየ። ከዚያ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«በል አስብ» አለኝ።